«እሱ እኮ ይችላል» የሚባለው ጠጪ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ዝግጅታችን ስለ መጠጥ ከደወሉ አድማጮች መካከል የአራቱን ጥያቄ፣ እንግዳችን የነበሩት የአእምሮ ሐኪም ከሰጧቸው መልሶች ጋር በጽሑፍ አቅርበናል። የጠያቂዎቹን ስም አልጠቀስንም።

ጥያቄ፦ የምደውለው ከደብረ ብርሃን ነው። ባለቤቴ ሥራውን አክባሪ፣ ልጆቹን ወዳድ ሰው ነው። ነገር ግን ከሥራ ሲወጣ አራት መለኪያ አረቄ ሳይጠጣ ቤት አይገባም። አንድም ቀን ሲንገዳገድ አይቼው አላውቅም፤ ጓደኞቹም «እሱ እኮ ይችላል» ይሉታል። ዶክተር፣ ይህ ሰው የመጠጥ ችግር አለበት ይባላል?

መልስ፦ እህቴ፣ «ይችላል» የሚለው ቃል በአገራችን ሙገሳ ነው፤ በሐኪም ጆሮ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። ቀድሞ ሁለት መለኪያ ያሞቀው የነበረ ሰው ዛሬ አራት ጠጥቶ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ሰውነቱ ስለጠነከረ ሳይሆን፣ አንጎሉ በየምሽቱ ከሚመጣበት ማደንዘዣ ጋር ለመኖር ራሱን ስለለወጠ ነው። ጉበቱ፣ ቆሽቱና የደም ግፊቱ ግን ይህን መልመድ አያውቁም፤ የሚጎዱት በገባው አልኮል ልክ ነው። ቶሎ የሚሰክር ሰው ስካሩ ራሱ «በቃህ» ይለዋል፤ የሚችለው ሰው ግን ይህ ከልካይ የለውም።

መጠኑንም እንየው። ቤት የሚወጣ አረቄ ጥንካሬው እንደ አውጪዋ ይለያያል፤ 45 ከመቶ አልኮል አለው ብንል፣ 50 ሚሊ ሊትር በሚይዝ መለኪያ ውስጥ 18 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይኖራል። 5 ከመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ የሚይዘው 13 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ ባለቤትዎ በየምሽቱ ከአምስት ጠርሙስ ቢራ የሚበልጥ አልኮል እየጠጡ ነው፤ ያውም ከሥራ እስከ ቤት ባለችው አጭር ጊዜ ውስጥ።

ሐኪሞች ለመለያ የምንጠቀምባቸው አራት አጫጭር ጥያቄዎች አሉ። መጠጥ መቀነስ አለብኝ ብለው አስበው ያውቃሉ? ሰዎች ስለ መጠጥዎ ሲያነሱ ይናደዳሉ? በመጠጣትዎ ጸጸት ተሰምቶዎት ያውቃል? ጠዋት ሰውነትዎን ለማረጋጋት ወይም ሀንጎቨር ለማብረድ ጠጥተው ያውቃሉ? ከእነዚህ ለሁለቱ «አዎ» ያለ ሰው በሐኪም በደንብ ሊታይ ይገባዋል። የመጨረሻው ጥያቄ «አዎ» ከተባለ ግን እኔ ሁለተኛውን አልጠብቅም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሞቅ ብሏቸው በገቡበት ምሽት ይህን ወሬ አያንሱ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ቡና እየተፈላ፣ «ሰካራም» የሚለውን ቃል ሳይጠቀሙ፣ ያዩትን ብቻ ይንገሯቸው፦ እንቅልፋቸው መቆራረጡን፣ ልጁ ማታ የቤት ሥራውን ይዞ ጠብቋቸው መተኛቱን። ሰው የተሰጠውን ስም ይከራከራል፤ የልጁን ደብተር መከራከር ግን ይከብደዋል።

ጥያቄ፦ የ32 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምደውለው ከጎንደር ነው። ለስምንት ዓመት ያህል በየቀኑ ጠጥቻለሁ። አሁን ጠዋት ካልቀመስኩ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ስኒ መያዝ ያቅተኛል። ስለመረረኝ ሰኞ ጠበል ልገባና በዚያው በአንድ ጊዜ ላቆም ቆርጫለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መቁረጥዎ ትልቅ ነገር ነው፤ የምናገረውንም ልብዎን ለማሸፈት እንዳይወስዱብኝ እለምንዎታለሁ። ሐኪም ሳያይዎ ሰኞ በአንድ ጊዜ አያቁሙ። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣና ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ያለ ክትትል ድንገት ሲያቆም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ጫትን ወይም ሲጋራን ድንገት ማቆም ያስጨንቃል እንጂ እንዲህ ያለ አደጋ የለውም፤ መጠጥ ግን ከእነዚህ ይለያል።

ምክንያቱን በበር ልመስለው። በሩን ከውጭ አንድ ሰው ሲገፋ፣ ከውስጥ ያለው እንዳይከፈትበት በዚያው ጉልበት መልሶ ይገፋል። መጠጥ አንጎልን ወደ መደንዘዝ ይገፋዋል፤ አንጎልም ነቅቶ ለመቆየት ይመክታል። ስምንት ዓመት ሲገፋ የኖረው መጠጥ በአንድ ሌሊት ሲለቅ፣ አንጎል በገዛ ጉልበቱ በግንባሩ ይወድቃል። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ በመጀመሪያው ቀን ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ይመጣሉ። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ ጥሎ ሊያንፈራግጥ ይችላል። በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ደግሞ በአንዳንዱ ሰው ላይ ከሁሉ የከፋው ይከሰታል፦ ቀኑንና ቦታውን ይስታል፣ ግድግዳው ላይ የሌሉ ነፍሳት ሲርመሰመሱ ያያል፣ ያተኩሰዋል። በዚህ ጊዜ ቤተሰቡ ሕመሙን ለክፉ መንፈስ ሰጥቶ ሲያስረው፣ የሚድነው ልጅ በሰዓታት ውስጥ ያልፋል። ይህን ሳስብ ልቤ ያዝናል፤ ምክንያቱም መድኃኒቱ አለ።

በምርመራ ክፍሌ ታካሚው ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ጣቶቹን እንዲከፍት አደርግና አንድ ነጭ ወረቀት ከላይ አስቀምጣለሁ። ዓይን የማይለየው መንቀጥቀጥ በወረቀቱ ጫፍ ላይ ይታያል፤ አንዳንዴ ጸጥ ባለው ክፍል ውስጥ የወረቀቱ ድምፅ ይሰማል። ያን ድምፅ የሰማሁበትን ሰው «ቤትህ ሂድና አቁም» ብዬ አልሸኘውም።

ሕክምናው እንደ ዳያዜፓም ያለ መድኃኒት በቀናት ውስጥ እየቀነሱ መስጠትን ይጠይቃል። ይህን መድኃኒት ከፋርማሲ በራስዎ ገዝተው ከመጠጥ ጋር አይውሰዱ፤ ሁለቱ ሲደራረቡ ትንፋሽን ሊያቆሙ ይችላሉ። ታያሚን የተባለው ቫይታሚን ቢ1 ደግሞ ሊታለፍ አይገባም፤ ምግብ እየተወ የጠጣ ሰው ሰውነቱ ይህን ቫይታሚን ይጨርሳል፣ እጥረቱም ዓይንን፣ አረማመድንና ትዝታን ያበላሻል። ታያሚን ሳይሰጥ ግሉኮስ ብቻ ቢሰቀል ጉዳቱ ሊብስ ስለሚችል፣ የሚያክምዎ ሰው ጠጪ መሆንዎን ማወቅ አለበት፤ አይደብቁ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስላለው ሰኞ ወደዚያ ይሂዱ፤ አዲስ አበባ ያሉ አድማጮች ደግሞ አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ ይችላሉ። እስከዚያ ድረስ መጠጡን ሳይጨምሩ፣ ምግብ እየበሉ ይቆዩ።

ጠበሉን ይተዉ አላልኩም። ጠበልና ሕክምና አይጣሉም፤ የመጀመሪያው ሳምንት በሐኪም ክትትል ይለፍ፣ ከዚያ በኋላ ጠበሉ፣ ንስሐ አባትዎና ጓደኛ መቀየርዎ እንዳይመለሱ የሚይዙዎት ናቸው። በባዶ ሆድ ጾሞ መጠመቅን ግን በእነዚያ ቀናት ያቆዩት።

ጥያቄ፦ ከወለድኩ ሁለት ወሬ ነው። እናቴና ጎረቤቶቼ «ወተት እንዲሞላልሽ» እያሉ ጠላ ያጠጡኛል። ልጄን ይጎዳዋል?

መልስ፦ የእናትዎ ሐሳብ ፍቅር ነው፤ አልኮል ግን ወተት አይሞላም፤ እንዲያውም ወተቱ እንዲወርድ የሚያደርገውን ሆርሞን ይቀንሳል። የጠጡት አልኮል ወደ ወተቱም ያልፋል። አጥሚትና ውኃ ያንኑ ፈሳሽ ያለ አልኮል ይሰጥዎታል። በእርግዝና ጊዜም ቢሆን ለጽንሱ ጉዳት የለውም ተብሎ የሚታወቅ መጠን የለም።

ጥያቄ፦ አባቴ 58 ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል፤ እግራቸው ቀጥኖ ሆዳቸው ተነፍቷል። «እኔ ቢራ እንጂ አረቄ አልነካም» ስለሚሉ መጠጡ አይመስላቸውም። አሁን ቢያቆሙ ለውጥ አለው?

መልስ፦ ጉበት የሚያውቀው አልኮሉን እንጂ ጠርሙሱን አይደለም፤ ቢራውም፣ ጠጁም፣ አረቄውም በአንድ በር ይገባሉ። የሚነግሩኝ ምልክት ጉበት ጠባሳ ወደ መሆን ደረጃ ሲደርስ የሚታየውን ይመስላል፤ ሳይመረመሩ ግን እርግጠኛ መሆን አይቻልም። በአገራችን ሄፓታይተስ ቢ ብዙ ሰው ስለሚይዝና ከመጠጥ ጋር ሲደመር ጉበትን በፍጥነት ስለሚያጠፋ፣ የእሱ ምርመራ አብሮ ይሠራላቸው። የቲቢ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ያሳውቁ፤ ከመድኃኒቶቹ አንዱ አይሶኒያዚድ ከአልኮል ጋር ጉበትን ይበልጥ ይጎዳል።

ለውጥ አለው ወይ ላሉኝ፣ አለው። ጉበት ስብ ብቻ የቋጠረ ሲሆን ጠጪው ካቆመ በሳምንታት ውስጥ ሊያገግም ይችላል። ጠባሳው በአብዛኛው አይመለስም፤ ሆኖም በዚያ ደረጃም ያቆመና የቀጠለ ሰው ዕድሜያቸው እኩል አይሆንም። ነገር ግን አባትዎ በየቀኑ የሚጠጡ ከሆነ ለጎንደሩ ወንድማችን ያልኩት ለእሳቸውም ይሠራል፤ የሚያቆሙት ሆስፒታል ውስጥ ይሁን። ደም ካስታወካቸው፣ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ወይም ቀን ተኝተው ሌሊት የሚቃዡና ነገር የሚያምታቱ ከሆነ እስከ ነገ አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ያድርሷቸው።