ከተሳቢው ኋላ ያልጠበቅኳት 2 ደቂቃ

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ፣ አካም ጅርቱ። የባጃጅ፣ የሚኒባስ፣ የጭነት ሹፌሮች፣ ረዳቶች፣ እናንተም ጥግ ይዛችሁ የቆማችሁ ተራ አስከባሪዎች፣ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ግማሽ ቀን ስራ መተው ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ማታ ገቢ የሚጠብቅ ባለንብረት አለ፣ ስለዚህ ቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ።

እኔ አይሱዙ ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሰርቦ፣ አሰንዳቦ፣ ሰኮሩ፣ ከዛ ወደ ጊቤ የሚወርደው ጠመዝማዛ፣ አይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ እል ነበር። ጉድ የሰራኝ ይሄ አውቀዋለሁ ማለቴ ነው።

ታህሳስ ነበር፣ ቡና ጭነናል። ጊቤን ተሻግረን ወደ ወልቂጤ የሚወጣውን ዳገት ስንጀምር ከፊታችን ተሳቢ አለ፣ ጭሱን እየለቀቀ በ15 ይሄዳል ቢበዛ። ስልኬ ይጮሃል፣ የጭነቱ ባለቤት ነው፣ የት ደረስክ፣ አሁንም እዛው ነህ እንዴ ይለኛል። ለሶስተኛ ጊዜ ሲደወል ማርሽ ቀየርኩና ወጣሁ። ረዳቴ "ጋሼ ኩርባ ነው" አለኝ። ሰምቼዋለሁ፣ አልሰማሁም ብዬ አልዋሽም።

ከላይ ፒካፕ ብቅ አለች። እሷ ለጥቂት አለፈች፣ እኔ ልመለስ ስል የረዳቴ በር በኩል ያለው ተሳቢው ኋላ ስር ገባ፣ ከዛ መኪናው ቦዩ ውስጥ ተጋደመ። እስካሁን ጆሮዬ ላይ ያለው የብረቱ ድምፅ አይደለም፣ ጆንያው ተቀዶ ቡናው አስፓልቱ ላይ ሽሽሽ እያለ ሲፈስ ነው፣ ብዙ ቆየ ሳያቋርጥ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንላለን አይደል? ቡናውን የአካባቢው ገበሬዎች፣ አላህ ይስጣቸው፣ እስኪመሽ በእጃቸው ለቀሙልኝ፣ ጆንያ ሙሉ ጆንያ ሙሉ እያደረጉ። የልጁ፣ የረዳቴ፣ ቀኝ እግር ግን ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። 19 አመቱ ነበር፣ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ብር እያጠራቀመ ነበር።

ከወራት በኋላ ቦታው ድረስ ሄጄ በእግሬ ለካሁት። ከወጣሁበት ቦታ መንገዱ ቀጥ ብሎ እስከሚከፈትበት 600 ሜትር ነው። በ15 የሚሄድ ተሳቢ 600 ሜትሩን የሚጨርሰው ከ2 ደቂቃ ተኩል ባነሰ ጊዜ ነው። እዛው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

እስቲ አብራችሁኝ አስቡት። በ80 የሚመጣ መኪና በ1 ሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል። ጭነት ይዘህ ዳገት ላይ ተሳቢ ስትደርብ ቢያንስ 12 ሰከንድ ያስፈልግሃል፣ በዛ ጊዜ እሱ ከ260 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዷል። ኩርባው ላይ የሚታይህ ስንት ነው? የኔ 80 ሜትር አይሞላም ነበር። ደግሞ ፍሬን አለኝ አትበለኝ፣ ከ40 ወደ 80 ስትገባ ፍጥነትህ እጥፍ ነው፣ ፍሬን ከያዝክ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልግህ ርቀት ግን አራት እጥፍ ነው፣ ያውም በደረቅ አስፓልት፣ የኛን የጅማን ዝናብ ሳንቆጥር።

ባጃጆች፣ ይሄ የጭነት ወሬ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። ከዚሁ ከጅማ መርካቶ ተነስተህ 3 ኪሎ ሜትር ብትሄድ በ30 ስትነዳ 6 ደቂቃ ነው፣ በ40 ስትነዳ 4 ደቂቃ ተኩል ነው። ለአንድ ደቂቃ ተኩል ብለህ ነው ዜብራ ላይ ያለችውን ተማሪ በክላክስ የምታስሮጣት። ሐሙስ ገበያ ቀን ደግሞ አህያ የሚነዱ፣ እንሰት የተሸከሙ እናቶች ከየገጠሩ ይገባሉ፣ እነሱ መኪናው ምን ያህል እንደሚፈጥን መገመት አይችሉም፣ አንተ ግን ትችላለህ። በአለም በአመት 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፣ ከ5 እስከ 29 አመት ያሉትን ደግሞ ከበሽታም ከምንም በላይ የሚገድላቸው ይሄው ነው። የኛ ልጆች እድሜ ማለት ነው።

ባለንብረቶችም እዚህ አላችሁ፣ ደስ ብሎኛል። ሹፌር ዝም ብሎ አይቸኩልም፣ ገቢው ካልሞላ ማታ ፊት አለ፣ ምልልስ ካልበዛ ገቢው አይሞላም። ተሳፋሪውም "ንዳው እንጂ፣ ተኛህ እንዴ" ይላል፣ ሲገለበጥ ደግሞ ሹፌሩ እብድ ነበር ይላል። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ግን ነዳጁን የረገጠው የኔ እግር ነው፣ የደወለው ሰውዬ እግር አይደለም። ስልኩን መዝጋት እችል ነበር። ዛሬም የምለምናችሁ ይቺን ብቻ ነው፣ ባለንብረቶች መንገድ ላይ ያለ ሹፌር ላይ አትደውሉ፣ ሹፌሮች ቢደወልም አታንሱ፣ ረዳት ኩርባ ነው ሲላችሁ ስሙት።

ያ ልጅ ዛሬ አብሮኝ መጥቷል። ሶስተኛው ወንበር ላይ ያለው ነው፣ ክራንቹን ያስደገፈው። ና፣ አንተ ደግሞ ንገራቸው፣ ማይኩን እኔ እይዝልሃለሁ፣ ቀስ ብለህ ና።