«ልጆቹስ?» ብለን እንጠይቅ

እንደምን አረፈዳችሁ፣ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ፣ ከእድር የመጣችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሙያ ጓደኞቼ። እኔ ሳይኪያትሪ ነርስ ነኝ፣ ሁሌ ማወራው ስለ መድኃኒት ነው፣ ዛሬ ግን ካርዳችን ላይ ቦታ ስለሌላቸው ሰዎች ላውራ፣ ስለ ታካሚዎቻችን ልጆች።

አንዲት ሴት ለፎሎው አፕ ስትመጣ ምንድነው ምንጠይቃት? እንቅልፍ እንዴት ነው፣ ድምፅ ይሰማሻል ወይ፣ መድኃኒቱን እየዋጥሽ ነው ወይ፣ በቃ ቀጣይ ቀጠሮ። ልጅ አለሽ ወይ፣ አንቺን ሲያምሽ ማን ያየዋል ብለን አንጠይቅም። ሰልፉ ረጅም ነው አውቃለሁ፣ ግን ይቺ ጥያቄ ስንት ደቂቃ ትፈጃለች?

ደግሞ እንዳንሳሳት፣ የአእምሮ ህመም ያለበት ወላጅ ሁሉ ልጁን ይጎዳል ማለት ውሸት ነው፣ አብዛኞቹ አይጎዱም፣ እንደውም በዛ ህመም ውስጥ ሆነው ሲያሳድጉ ስታዩ ትገረማላችሁ። ነገሩ ሚበላሸው ህመሙ ከማጣት፣ ከብቸኝነት፣ ከሚማታ ባል ጋር ሲደራረብ ነው። ዲፕሬሽን (ድባቴ) ያለባት እናት ህፃኑ ሲያለቅስ ዝም ምትለው ጠልታው አይደለም፣ ተነስቶ ለማቀፍ ራሱ አቅም አጥታ ነው፣ ሌሊቱን ያልተኛ አባት ደግሞ ሲበሳጭ ከአፉ በፊት እጁ ይቀድማል፣ ልጅ ቸል መባሉም መደብደቡም ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው ሚጀምረው።

ባህላችን እዚ ላይ ግማሽ መንገድ ሄዶልናል። አራስ ብቻዋን አትተውም፣ ገንፎ ሚያገነፋ፣ ልጅ ሚያቅፍላት አይጠፋም፣ ከዛ ወንድ ከሆነ በ40 ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና ይነሳል፣ ድግሱ ያልቃል፣ ሁሉም ወደቤቱ። ዲፕሬሽን ግን ክርስትና አይጠብቅም፣ ከወራት በኋላም ሊጀምር ይችላል፣ ያኔ ቤቱ ጭር ብሏል። እድሮች አትቀየሙኝና፣ ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል ሚቀድማችሁ የለም፣ በህይወት ላለች እናት በሳምንት ሁለት ቀን ልጅ ሚይዝላት ሰው መመደብ ያቅተናል?

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይሰጠውም። ከወለደች በቀናት ወይ በሳምንታት ውስጥ እንቅልፍ ያጣች፣ ምትቀባዥር፣ ልጁ የኔ አይደለም ወይ ሰይጣን ነው ምትል ካጋጠመቻችሁ በዛው ቀን ሆስፒታል ነው፣ ህፃኑም ከሷ ጋር ብቻውን አይተው። ከ1000 ወላድ አንድ ወይ ሁለት ላይ ሚከሰት ነው፣ ይድናልም። ቤተሰቡ ጸበል ካለ አትጣሉ፣ ይጠመቁ፣ ህክምናው ግን ነገ አይባልም።

ይሄ የሀብታም ሀገር ወሬ ነው ለምትሉኝ፣ ፓኪስታን ገጠር ውስጥ የተሰራውን ስሙ። ልክ እንደናንተ ቤት ለቤት ሚሄዱ የጤና ሰራተኞች ሰልጥነው ዲፕሬሽን ያለባቸውን እናቶች ከእርግዝናቸው መጨረሻ ጀምሮ 16 ጊዜ ጎበኟቸው፣ ስለ ሀሳባቸው፣ ስለ ህፃኑ፣ ማን እንደሚያግዛቸው አወሯቸው። በ2008 እንደ ፈረንጅ በወጣው ውጤት 903 እናቶች ነበሩበት፣ ልጁ 6 ወር ሲሞላው በዲፕሬሽን ላይ የነበሩት ከታገዙት 23 ፐርሰንት፣ ካልታገዙት 53 ፐርሰንት ናቸው። የታገዙት ልጆች ክትባት በተሻለ አገኙ፣ ተቅማጥም ቀነሰላቸው። ኪሎና ቁመት ላይ ግን ያን ያህል ልዩነት አልመጣም፣ ሁሉን ይፈታል እያልኩ አይደለም። እኛ ጋ የጤና ኤክስቴንሽን ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ አለ፣ ቤቱን ታውቁታላችሁ፣ በሩ ይከፈትላችኋል፣ ለብዙ አመት በሀገሩ የአእምሮ ሆስፒታል አማኑኤል ብቻ በነበረበት ጊዜ ይሄ አልነበረም።

ኖርዌይ ደግሞ እንደ ፈረንጅ ከ2010 ጀምሮ በህግ ነው ያረጉት፣ የአእምሮ ህመምተኛ ሚያክም ባለሙያ ታካሚው ልጅ እንዳለው መጠየቅና ልጁ ሚያስፈልገውን መረጃና ክትትል ማየት አለበት። እኛ እስከዛ ህግ መጠበቅ የለብንም።

እናቶቹ ስለ ልጆቻቸው ሲጠየቁ ግን ይደብቃሉ። ለምን? የባሌ ዘመዶች ልጄን ይቀሙኛል ብላ ነው ምትፈራው፣ እውነቷን ነው ደግሞ፣ ሚያደርጉት አሉ። ስለዚ አጠያየቃችን ወሳኝ ነው፣ «ልጅሽን ትመቺዋለሽ?» ብላችሁ ከጀመራችሁ አለቀ፣ «ከልጆቹ ጋ ቀኑ እንዴት ነው ሚያልፈው፣ የቱ ሰአት ይከብድሻል?» በሏት፣ እሷ ራሷ ትነግራችኋለች። ማታ ምትውጠው መድኃኒት አስተኝቷት ህፃኑ ሲያለቅስ ካልሰማች ሌሊት ማን አለ? ደና በሆነች ጊዜ ቁጭ ብለን፣ ሲብስብኝ ልጆቼ እህቴ ጋ ይሁኑ፣ ትምህርት ቤት እንትና ያድርስ ብላ ራሷ ትወስን፣ ስልኮቹ ይፃፉ። ለትልቁ ልጅ ደግሞ እናትህ ታማ ነው፣ አንተ ያመጣኸው አይደለም በሉት፣ ሰፈር «የእብድ ልጅ» እያለው ሚያድግ ልጅ ይሄን ሚነግረው ሰው የለም። ትልቋ ልጅ እናቷን ልታስታምም ትምህርት አቁማ ከሆነም እሱ ራሱ ጉዳት ነው፣ ጎበዝ ልጅ ብለን አናልፈው።

ልጁ እየተጎዳ ከሆነ ግን ከእናቲቱ ጋ ያለን ወዳጅነት አያስደብቀን፣ ሴቶችና ህፃናት ቢሮ ወይ ፖሊስ ይነገራል፣ የሷ ህክምና እዛው እየቀጠለ።

ለሙያ ጓደኞቼ፣ ከሰኞ ጀምሮ ካርዱ ጀርባ ላይ የልጆቹን ቁጥር፣ እድሜና ሲያማት ሚይዛቸውን ሰው ፃፉ፣ ፎርም እስኪመጣ አትጠብቁ። የእድር ሰብሳቢዎች ከሻይ በፊት እንዳትሄዱብኝ፣ ልጅ የመያዙን ተራ እንዴት እንደምናወጣ እናወራለን። እሺ፣ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።