ከቆዳ ሥር ያለ ክር

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፤ እኔና ማይኩ ብቻ ነን። ድምፄ ቢሻክር ጉንፋን ነው፣ ታገሡኝ።

ስለ ፊቴ ነው የማወራው። ከአፍንጫ ግራና ቀኝ ተነሥቶ ወደ ከንፈር ጫፍ የሚወርደውን መስመር ታውቁታላችሁ? ሰው ሲስቅ የሚታየውን? የኔ ሳልስቅም አለ። 51 ዓመቴ ነው። ያየኝ ሁሉ «ምን ሆነሻል?» «ማን አስቀየመሽ?» ይለኛል። ኧረ ምንም አልሆንኩም፣ አውቶቡስ እየጠበቅኩ ነው! ሽበትን ቀለም ይሸፍነዋል። ያልተቆጣን ሰው ቁጡ የሚያስመስለውን መስመር ግን ምን ይሸፍነዋል?

እዚሁ ሜሪላንድ አንድ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ልጄ ሊሆን ምንም አይቀረው። መስተዋት አስይዞ አስረዳኝ፦ ጉንጭ ስብ አለው፤ ከመስመሩ በታች ያለው የከንፈር ቆዳ ደግሞ ከጡንቻው ጋር ጥብቅ ብሎ የተያያዘ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ጉንጩ ይወርድና እዚያ ሲደርስ ይገታል፤ ቦይ ይሠራል። ከዚያ በጀርባዬ አስተኛኝና መስተዋቱን አሳየኝ። መስመሩ ግማሹ ጠፍቷል! ተኝቼ መኖር ነበረብኝ ማለት ነው።

ፊለር አለ አለኝ፤ በመርፌ ከቆዳ ሥር የሚገባ መሙያ። ሃያሉሮኒክ አሲድ የሚባለው፣ እዚህ አገር በ2003 ለዚህ መስመር የተፈቀደው። በወራት ውስጥ እየሟሟ ያልቃል፤ ካልወደድሽው ማሟሟቻ መርፌ አለው። እኔ ደግሞ ሐበሻ ነኝ፤ በየዓመቱ መክፈሉ ከነከነኝና «የማያልቅ የለም ወይ?» አልኩት።

አለ። በ1990ዎቹ በደንብ ይሠራበት የነበረ፣ አሁን ብዙም የማይመረጥ፣ ሰው ሠራሽ ክር ወይም ቀጭን ቱቦ። ቦታውን አደንዝዘው ከአፍንጫው ሥርና ከከንፈሩ ጫፍ አጠገብ ትንሽ ትንሽ ይበጣሉ። በቆዳው ሥር መንገድ ከፍተው ያሳልፉታል። ቦዩ ከታች ተደግፎ ከፍ ይላል።

ከምን እንደሚሠራ ሲነግረኝ ሳቄ መጣ። የተለጠጠ ቴፍሎን፣ ያ መጥበሻ የሚቀባው ፕላስቲክ! ቦብ ጎር የሚባል አሜሪካዊ ፈልሳፊ በ1969 የጋለውን የቴፍሎን ዘንግ በአንዴ ስቦ ሲለጥጠው የተገኘው፤ በረዶ ሲጥል የምንለብሰው የጃኬት ጨርቅ ውስጥ ያለው። እኔማ በየቀኑ እዳስሰዋለሁ። ሥራዬ ኩላሊት እጥበት ነው። የደም ሥራቸው አልሆን ላላቸው ታካሚዎች ክንዳቸው ውስጥ የሚቀበረው ሰው ሠራሽ የደም ቱቦ፣ ግራፍት የምንለው፣ የዚሁ ዘር ነው።

ጥሩ ነገር ነው፣ ሰው ያኖራል። ግን ከቆዳ ሥር ምን እንደሚመስል ጣቴ ያውቃል፤ እንደ ገመድ ይዳሰሳል። ሲያመረቅዝም አይቻለሁ። ክንድ ላይ እጅጌ ይሸፍነዋል። ፊት ላይስ?

«ቢያስቸግረኝ እንዴት ይወጣል?» አልኩት። ልጁ አልዋሸኝም። ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ሥጋ ውስጡ ያድጋል። በቦታው የሚያጸናውም፣ ሲያወጡት የሚያስቸግረውም ያው ነው። ሊጠነክር፣ ቦታውን ሊለቅ፣ ጫፉ በቆዳው በኩል ብቅ ሊል ይችላል። በዚያ ላይ ትከሻዬ ላይ የልጅነት ክትባቴ ጠባሳ ኬሎይድ ሆኖ አብጦ ቀርቷል፤ ቆዳዬ ሲበጣ እንዲህ ሊያብጥ ይችላል ማለት ነው። እሱን ሳሳየው ዝም ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈ።

ያደረጉትን አልነቅፍም። እስካሁን ተስማምቷቸው የሚኖሩ አሉ። እኔ ግን የሰው «ምን ሆነሻል» ብሎ መጠየቅ ሰልችቶኝ ነው የሄድኩት፤ ለሱ ብዬ ማውጫው የሚያስቸግር ነገር አላስቀብርም። ፊለሩን ገና እያሰብኩበት ነው፣ አልደብቃችሁም።

ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ገባሁ። አንድ የአገራችን ሰው አሉ፣ ሰማንያን የተጠጉ። ገና ጓንቴን ሳጠልቅ ቀና ብለው አዩኝና «ዛሬ ደግሞ ማን ነክቶሽ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ማንም አልነካኝም አባባ፣ ክንድዎን ይስጡኝ» አልኳቸው። ዳሰስኩት። ደሙ ሲያልፍ የሚሰማው ንዝረት አለ። መርፌውን ሰካሁ።