ቀዩ መስመር ይታይ ነበር

ዛሬ ልናገር ያሰብሁት ስለ ድንኳን አተካከል ነበር፤ ባለፈው ክፍል መጨረሻ ላይም ቃል ገብቼላችሁ ነበር። ይሁን እንጂ መቅጃውን ከከፈትሁ በኋላ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አቋረጥሁ፤ ምክንያቱም ጠረጴዛዬ ላይ አንዲት ወረቀት አለች፣ ሁለት ሳምንት ሙሉም ከዚያ አልተነሣችም። ስለ ድንኳን ካስማ እያወራሁ ዓይኔ ወደ እሷ ይሄዳል። ስለዚህ ድንኳኑን እናቆየውና ስለ ወረቀቷ ልንገራችሁ። ባለ ጎማ ሻንጣዋ ተማሪም፣ ያቺ ከዚህ በፊት ለተራራ ጉዞ ባለ ጎማ ሻንጣ ይዛ የመጣችው፣ ስለምትገኝበት ጭራሽ አትቀየሙኝም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

እንደምታውቁት ከቋጥኝ ላይ በገመድ መውረድን የማስተምራቸው የኮሌጅ ተማሪዎቼ ከእያንዳንዱ የመስክ ቀን በኋላ አንድ ገጽ ይጽፋሉ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ ዛሬ ምን ተማራችሁ የሚል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣልኝ ፍርሃትን ስለ ማሸነፍና ስለ ተፈጥሮ ውበት የተጻፈ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግማሹን በዓይኔ ገረፍ አድርጌ ፊርማዬን አኖርበታለሁ። ይህችኛዋ ግን አጭር ነበረች። «ልምድ ያለው ሰው ካራቢነሩን መቆለፍ እንደማያስፈልገው ተማርሁ» ትላለች፤ ካራቢነር ማለት የሚከፈትና የሚዘጋ በር ያለው የብረት ማያያዣ ነው። ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ተጨምሯል፤ «መምህሩ ሲወርዱ ቀዩ መስመር ይታይ ነበር፤ ሆኖም ምክንያት ይኖራቸዋል ብዬ አልጠየቅሁም።» ከዚያ ስሟና ቀኑ።

ስላቅ አይደለም። ስላቅ ቢሆንማ ኖሮ ደስ ባለኝ፤ ተሰድቤ፣ ተቆጥቼ፣ በማግስቱ ረስቼው ነበር። ልጅቱ ግን ያየችውን ነገር እንደ ትምህርት ቆጥራ፣ በተስተካከለ የእጅ ጽሑፍ መዝግባ ነው የሰጠችኝ። አስተምሬአታለሁ ማለት ነው። በዚያ ቀን ሦስት ሰዓት ያህል ከተናገርሁት ሁሉ አንጓልላ ያስቀረችው እጄ ያሳያትን ነው።

ወደ ቀኑ ልመለስ። መኪናው ከሚቆምበት እስከ ቋጥኙ አናት መንገዱ 2.5 ኪሎ ሜትር ሲሆን 300 ሜትር ያህል አቀበት አለው። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው የጉዞ ስሌት በሜትር ሲነገር ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ አቀበት ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ያዙ ይላል፤ በዚህ ሒሳብ የእኛ መንገድ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይገባው ነበር። ናይስሚዝ ግን 14 የኮሌጅ ተማሪዎችን ይዞ አልወጣም። አንዱ ጫማው አዲስ ስለሆነ ተረከዙ ይላጣል፣ ሌላው ፎቶ ለማንሣት ይቆማል፣ ባለ ጎማ ሻንጣዋም በዚህኛው ጊዜ በጀርባ የሚታዘል ቦርሳ ይዛ መጥታ ስታበቃ በውስጡ የፀጉር ማድረቂያ ተገኘ። በተራራ ላይ የት ልትሰካው እንዳሰበች ስጠይቃት «መምህር፣ ለማንኛውም ብዬ ነው» አለችኝ። አሁንም ሳስበው እስቃለሁ። ብቻ ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀብን። ለአንድ ተማሪ በገመድ መውረጃ 10 ደቂቃ ብትይዙ ለ14ቱ 140 ደቂቃ ያስፈልጋል፤ ፀሐይዋ ደግሞ አትጠብቅም። ስለዚህ ችኮላ ውስጥ ነበርሁ። ይህን የምለው ሰበብ ለመደርደር አይደለም፤ ወይም ምናልባት ለዚያው ይሆናል።

አናት ላይ ስንደርስ ባልደረባዬ ገመዶቹ የታሰሩበትን ቦታ ፈትሾ ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ከደህንነት ገመዱ ጋር አያያዛቸው። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ ቀድሜ ወርጄ ላሳያቸው ተዘጋጀሁ። ገመዱን የ8 ቁጥር ቅርጽ ባላት የብረት መውረጃ ውስጥ አዞርሁት፤ መውረጃዋን በካራቢነሩ ከሃርነሴ፣ ማለትም ወገቤና ጭኔ ላይ ከታጠቅሁት ማሰሪያ፣ ጋር አገናኘኋት፤ የካራቢነሩን መቆለፊያ ቀለበት በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ይዤ ማዞር ጀመርሁ። ለማታውቁት፣ ይህ ቀለበት ወደ ላይ እየተጠመዘዘ ሲዘጋ ከሥሩ ያለችውን ቀይ መስመር ይሸፍናታል። ጠዋት፣ ከመነሣታችን በፊት፣ ሃያ ጊዜ ያህል ያስደገምኋቸው ነገር ቢኖር «ቀይ ካያችሁ ቁሙ» የሚለውን ነው። በአንድ ድምፅ ነው ያስደገምኋቸው።

ቀለበቱን አንድ ዙር እንዳዞርሁት ባለ ጎማ ሻንጣዋ ጓንት ያስፈልግ እንደ ሆነ ጠየቀች። እኔም ቀና ብዬ ያንን የምታውቁትን ቀልዴን ተናገርሁ፤ ጥያቄ የጠየቀ የገመዱን ከረጢት ይሸከማል አልሁ። ሁሉም ሳቁ። ስናገር ደግሞ በእጄ ወደ ከረጢቱ ማመልከት ልማዴ ነው፤ ለማመልከት እጄን አነሣሁ፤ ካነሣሁ በኋላ ወደ ቀለበቱ አልመለስሁትም። አሁን እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንኳ ጣቶቼ የት እንደ ነበሩ ይታወቀኛል። ከቀለበቱ እስከ አየሩ፣ ከአየሩ ወደ ገመዱ። በመካከል አንድ ነገር መዝለሉን እጄ አላወቀም።

ወረቀቷን የጻፈችው ልጅ በግራዬ በኩል፣ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብላ ቆማ ነበር። ዝምተኛ ናት። ወገቤ አካባቢ ትመለከት ነበር። አፏን ከፈተች። እኔም ፊቷን አይቼ የፈራች መሰለኝና «አይዞሽ፣ ገመዱ እኔንም አንቺንም ይችላል» አልኋት። አፏን ዘጋች። ወደ ኋላ ተንጋልዬ ሰውነቴን ለገመዱ ሰጠሁና ወረድሁ።

እውነት አፏን ከፍታ ነበር? ይህን ትዕይንት ብዙ ጊዜ ስለደጋገምሁት አሁን የትኛው ያየሁት፣ የትኛው ወረቀቷን ካነበብሁ በኋላ የጨመርሁት እንደ ሆነ መለየት ያቅተኛል። «አይዞሽ» ማለቴን ግን እርግጠኛ ነኝ፤ እሷ ለእኔ እየሠጋች ሳለ አይዞሽ ባዩ እኔ ነበርሁ።

ቋጥኙ 18 ሜትር ነው። ታች ደርሼ ገመዱን ላወጣ ወገቤን ስመለከት ቀዩ መስመር ፊት ለፊቴ ነበር። በዚህ ጊዜ ያደረግሁትን ለማንም አልተናገርሁም፤ ለእናንተ ልናገር ነው። ወደ ላይ ቀና ብዬ የሚያየኝ ሰው መኖር አለመኖሩን አየሁ። ማንም አልነበረም። ቀለበቱን ዘግቼ፣ ቆይቼ፣ እንደገና ከፈትሁትና ካራቢነሩን ፈታሁት። ለምን እንደ ዘጋሁት አላውቅም፤ መሬት ላይ ቆሜ ስለ ነበር የሚያስፈልግ አልነበረም። ከዚያ «ከገመድ ወጥቻለሁ!» ብዬ ጮኽሁ፤ ድምፄም ደህና ነበር።

ገመድ የምታውቁ አድማጮቼ አሁን ልትጽፉልኝ እንደ ተነሣችሁ ይገባኛል፤ ስለዚህ ልቅደማችሁ። አዎ፣ እጄ ገመዱን ቢለቅ የሚይዘኝ የመጠባበቂያ ቋጠሮ ከመውረጃዋ በታች ገመዱ ላይ ተጠምጥሞ፣ በሌላ ካራቢነር ከሃርነሱ የእግር ማሰሪያ ጋር ተያይዞ ነበር። የካራቢነሩም በር ቢሆን ዝግ ነበር፤ ያልተዘጋው መቆለፊያው ነው። በብረቱ ጎን ላይ የታተሙትን ቁጥሮችም አንብቤአለሁ፤ በሩ ዝግ ሲሆን በርዝመቱ 22 ኪሎኒውተን፣ ክፍት ሲሆን 8 ይችላል። አንድ ኪሎኒውተን የ100 ኪሎ ገደማ ክብደት ነው ብላችሁ ብታስቡት ክፍት እንኳ ቢሆን ይሸከመኝ ነበር። ሥጋቱ መሰበሩ ሳይሆን በሩ ድንጋይ ወይም ገመድ ገፍቶት ሲከፈት መውረጃዋ ሾልካ መውጣቷ ነው። ምናልባት ምንም አይደርስም ነበር። ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ይሁን እንጂ ወረቀቷ ስለ ብረቱ ጥንካሬ የምትለው ነገር የላትም።

የበረዶ ናዳ ተመራማሪው ኢያን ማካሞን እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ጥናት በአሜሪካ በመዝናኛ ጉዞ ላይ የደረሱ 715 የናዳ አደጋዎችን መርምሮ፣ አደጋውን የሚጠቁሙ ምልክቶች እያሉ ሰዎች ለምን ወደ ፊት እንደ ሄዱ ለማወቅ ሞክሯል። ከቆጠራቸው ወጥመዶች አንዱን የሰየመው በቅዱሳን ሥዕል ላይ ከራስ በስተኋላ በሚታየው የብርሃን ክብ ነው፤ የባለሙያ አክሊል እንበለው። ከቡድኑ አንድ ሰው አዋቂ ነው ተብሎ ሲታመን ሌሎቹ የገዛ ዓይናቸውን ያቆማሉ። ይህን ጥናት እኔ ራሴ ነኝ የማስተምረው። በሁለተኛው ሳምንት፣ በሰሌዳ ላይ፣ ክቡን እየሣልሁ። የራስን አክሊል ግን በመስታወት ካልሆነ በቀር እንዴት ያዩታል?

ስለ ከረጢቱ ቀልድ አንድ ነገር ልበል። ቀልዱ የተፈጠረው በመጀመሪያው ዓመቴ ነው፤ ተማሪዎች በጥያቄ እያጣደፉኝ አንዱን ቋጠሮ ሦስት ጊዜ ፈትቼ ካሰርሁ በኋላ። ከረጢቱ ሁለት ገመድና ብረታ ብረቱን ይዞ 12 ኪሎ ይመዝናል፤ ማንንም በቅጣት አሸክሜው አላውቅም፤ ሁልጊዜ የምሸከመው እኔ ነኝ። ለዚህም ነው ቀልድ ነው የምለው። እናንተም ወድዳችሁት በየመልእክታችሁ መጨረሻ «ከረጢቱን ለመሸከም ዝግጁ ነኝ» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። እኔም ደስ ይለኛል። ይለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ለ14ቱም ልናገር ቆርጬ ገባሁ። የተናገርሁት ግን የአሜሪካዊቷን ቋጥኝ ወጪ የሊን ሂልን ታሪክ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1989 ፈረንሳይ ውስጥ ቡዉ በሚባል የቋጥኝ መውጫ ቦታ ገመዱን በሃርነሷ ካሳለፈች በኋላ ቋጠሮውን ሳትጨርስ ወጥታ፣ አናት ደርሳ ለመውረድ ገመዱን ስትደገፍ ከ20 ሜትር በላይ ወደቀች፤ የዛፍ ቅርንጫፎች ተቀብለዋት ተረፈች፤ እንዲህ ያለች የዓለም ቁንጮ ወጪ እንኳ ከረሳች እናንተም ተፈታተሹ አልኋቸው። ጸጥ ብለው አደመጡኝ። በሌላ ሰው ስሕተት ጥሩ ትምህርት ሰጥቼ ወጣሁ። ልጅቱ በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጣ ማስታወሻ ትይዝ ነበር።

ከክፍል በኋላ ግን አስቀረኋትና ቀለበቱን አለመቆለፌ ስሕተት እንደ ነበር፣ የጻፈችው ትምህርትም ትክክል እንዳልሆነ ነገርኋት፤ አመሰገንኋትም። ከዚያ መጠየቅ የማይገባኝን ጠየቅሁ፤ «ለምን ያን ጊዜ አልነገርሽኝም?» አልኋት። ጥቂት አሰበችና «መምህር፣ ከረጢቱን ፈርቼ ነዋ» አለችኝ። ፈገግ ብላ ነበር። እየቀለደች ይሁን ከልቧ አላወቅሁም፤ እኔም ፈገግ ስላልሁ መልሼ የምጠይቅበት መንገድ ተዘጋ።

አደጋ ለጥቂት የታለፈበት ሁኔታ የሚመዘገብበት ቅጽ አለን። ሞልቼዋለሁ፤ «ምክንያት» ከሚለው ሣጥን በቀር። በመጀመሪያ «ችኮላ» ብዬ ጽፌ ሰረዝሁት፤ ቀጥሎ «የትኩረት መከፋፈል» አልሁ፤ እሱንም ሰረዝሁት። «ቀልድ» ብዬ ጽፌ ስመለከተው የሚያነበው ሰው እንዴት እንደሚስቅ ታየኝ። ወረቀቱ አሁን በስርዝ ብዛት ተበሳስቶ አዲስ ቅጽ መጠየቅ ሊኖርብኝ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ሌላ ቡድን ይዤ ወጣሁ። ቀልዱን ላልናገር ወስኜ ነበር። እናም ጠየቁኝ፤ ስለ ገመዱ ዕድሜ፣ ስለ ሄልሜቱ፣ አንዱ ደግሞ ወፍ ገመድ ላይ ብታርፍ ምን ይሆናል ብሎ። ለእያንዳንዱ መለስሁ፤ ጊዜው ሄደና ከ12ቱ የወረዱት ሰባቱ ብቻ ናቸው፣ የቀሩት አምስቱም አኩርፈው ተመለሱ። ይህ ይሻላል ወይ? ይሻላል እላለሁ። አላውቅም፣ አኩርፎ መመለስም…

መጨረሻ ላይ አንደኛው፣ ከቀደሙት ተማሪዎች የሰማ ይመስለኛል፣ «መምህር፣ ያንን የከረጢቱን ነገር አይሉንም እንዴ?» አለኝ። ሁሉም እየጠበቁ ተመለከቱኝ። እኔም… እኔም አልሁት። ሳቁ። እየሳቁ ሳሉ ካራቢነሬን አየሁት፣ ተቆልፏል፤ ጥቂት ቆይቼ ደግሞ አየሁት። ከዚያ በፊታቸው ላይ አንድ በአንድ ዓይኔን አሳለፍሁ፤ ሊናገር ፈልጎ የተወ ይኖር እንደ ሆነ፣ ግን ሁሉም አፋቸውን የከፈቱት ለሳቅ ስለ ነበር…

ድንኳኑን በሚቀጥለው ክፍል።