ባለጋራው ሰው ሳይሆን ሲቀር

[ምስል፦ ደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ ንጋት። አመዳይ የለበሰ የባቄላ ማሳ።]

ይህን ባቄላ ማን አጠፋው? ጎረቤት አይደለም፣ ሌባም አይደለም። ውርጭ ነው። ታዲያ ልብ ወለድ ስንጽፍ ውርጭን ባለጋራ ማድረግ ይቻላል? ይቻላል። ብዙዎቻችን ግን "ብርዱ ጨካኝ ነበር" ብለን እናልፋለን። ይሄ የአየር ሁኔታ ዘገባ ነው፣ ያውም ቀሽም ዘገባ።

ባለጋራ ማለት ዋናው ሰው የፈለገውን እንዳያገኝ መንገድ የሚዘጋበት ነው። ክፉ መሆን አይጠበቅበትም። ጠባይ ግን ሊኖረው ይገባል።

የውርጭን ጠባይ እንይ። ደብረ ብርሃን ወደ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሰማዩ ሲጠራ፣ መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይለቀዋል። ደመና ቢኖር ሙቀቱን ያስቀርለታል። ነፋስ ቢነፍስ አየሩን ያደባልቀዋል። ሁለቱም ከሌሉ አለቀ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ቁልቁል ወርዶ ረባዳው ላይ ይተኛል። ስለዚህ ወንዝ ዳር ያለው ባቄላ ሲጠቁር ተዳፋቱ ላይ ያለው ሊተርፍ ይችላል።

አሁን ታሪክ መጣ። ሁለት ወንድማማቾች የአባታቸውን መሬት ይካፈላሉ። የታችኛው ማሳ አፈሩ ግሩም ነው፣ ውርጭ ግን ይመታዋል። ታላቅየው ይህን አሳምሮ ያውቃል። ታናሹ ከተማ ስላደገ አያውቅም። ታላቅየው "ለም ለሙን አንተ ውሰድ፣ ታናሼ አይደለህ?" ቢለውስ? ውርጩ ገና ሳይመጣ በመካከላቸው ገባ። ከዚያ በኋላ አንባቢው ጥርት ያለ ሌሊት ባየ ቁጥር ሆዱ ይባባል።

[ምስል፦ መንዝ፣ በግ የሚነዱ ሰዎች።]

ውርጭ እንኳ ጠዋት ይታያል። የማይታየውስ? በእኔ እምነት ለአማርኛ ጸሐፊ ከይሉኝታ የበለጠ ባለጋራ የለም።

መሐል ሜዳ አካባቢ ባሏ የሞተባት ሴት አለች እንበል። ለልጇ ትምህርት ያሰበቻቸው ጥቂት በጎች አሏት። የባሏ ተዝካር ደርሷል። የሚያስገድዳት የለም። ጎረቤቷ መጥታ "እታለም፣ አይዞሽ፣ ጌሾውን እኔ አመጣለሁ" ትላታለች። የነፍስ አባቷ "እንደ አቅምሽ አድርጊው፣ ልጄ" ይላሉ። የባሏ ወንድም "ወንድሜ እኮ ሰው ይወድ ነበር" ይልና ዝም ይላል። ሌሊቱን ስንት ሰው እንደሚመጣ ስታሰላ ታድራለች። ጠዋት በጎቹን ወደ ገበያ ትነዳለች።

ሦስቱም ደጎች መሆናቸውን ልብ በሉ። የባሏን ወንድም ስግብግብ ብናደርገው ኖሮ አንባቢው እሱን ጠልቶ ይገላገል ነበር። አሁን የሚጠላው ሰው የለውም፣ ስለዚህ ነገሩ አይለቀውም። "ይሉኝታ" የሚለውን ቃልም ታሪኩ ውስጥ አትጻፉት። ከተጠራ ስብከት ይሆናል።

ጊዜም፣ ድህነትም፣ መርሳትም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ፦ በሰው አፍና በሰው እጅ አስገቧቸው።

አጨራረሱ ላይ ብዙ ጽሑፍ ይበላሻል። ውርጭ አይገደልም፣ ይሉኝታም አይታሰርም። ሰውየው ምን ከፍሎ እንዳለፈ ነው መጻፍ ያለበት። ሴትዮዋ በጎቹን ብታስቀርና ተዝካሩን ብትተወውስ? አሸነፈች ብላችሁ እንዳትዘጉት። በማግስቱ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ጎረቤቷ እንዴት ሰላም ትላታለች? ቀጣዩን ምዕራፍ ከዚያ ጀምሩት።