ኢስጦኢኮች ደንዳና አልነበሩም

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ይህን መድረክ ያዘጋጃችሁ ሁሉ፣ እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ስቶይክ ፍልስፍና፣ ስለ ጥንቶቹ የግሪክና የሮም ኢስጦኢኮች ትምህርት፣ ተናገር ስትሉኝ ቶሎ እሺ ያልኩት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከንዴት ነው። በየስልካችን የሚዘዋወሩትን አጫጭር ቪዲዮዎች ታውቋቸዋላችሁ። የእብነ በረድ ሐውልት ይታያል፤ ከበድ ያለ ሙዚቃ ይከተላል፤ ከዚያ አንድ ጎርናና ድምፅ «ማንንም አትፈልግ፣ ምንም አይሰማህ፣ ብቻህን ጠንክር» ይላል። ከሥሩ የሮም ንጉሠ ነገሥትና ስቶይክ የነበረው የማርከስ ኦሬሊየስ ስም ተጽፏል። ሰውዬው ከሞላ ጎደል የዚህን ተቃራኒ ነው የጻፈው፤ እዚያ እደርሳለሁ።

ስቶይኮች ለእኛ እንግዳ አይደሉም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17ን ያነበበ ያገኛቸዋል፤ ቅዱስ ጳውሎስ አቴና ላይ ከተገናኛቸው ፈላስፎች መካከል ኢስጦኢኮች የተባሉት እነሱ ናቸው። በአርዮስፋጎስ ቆሞ ከባለ ቅኔዎቻቸው የጠቀሰው፣ እኛ የአምላክ ዘመዶች ነን የሚለው ስንኝም በአራቱስ ግጥም ውስጥ ይገኛል። አራቱስ ከእነሱ ትምህርት ጋር የተቀራረበ ገጣሚ ነበር። ምዕራፍ 18 ላይ የጳውሎስን ከሳሾች ከፍርድ ወንበሩ ፊት ያስወጣው ጋልዮስ ደግሞ የስቶይኩ ፈላስፋ የሴኔካ ወንድም ነው። ስንቶቻችን አንብበነው አልፈናል!

ትምህርቱን የጀመረው የቆጵሮሱ ዜኖ ነው። መርከቡ ተሰብሮ ንብረቱን ያጣ ነጋዴ እንደነበር ይተረካል። ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ አቴና ውስጥ ከገበያው አጠገብ ባለ የሕዝብ በረንዳ ላይ ያስተምር ነበር፤ መንገደኛም ቆሞ መስማት ይችል ነበር።

እኔ ግን ጊዜዬን ለኤፒክቴተስ መስጠት እፈልጋለሁ። ይህ ሰው ሮም ውስጥ ባሪያ ነበር። ጌታው ራሱ ቀድሞ ባሪያ የነበረ፣ በኋላ ግን ነጻ ወጥቶ በንጉሠ ነገሥት ኔሮ ቤተ መንግሥት ሹመት ያገኘ ሰው ነው። ኤፒክቴተስ እግሩ ያነክስ ነበር። ነጻ ከወጣ በኋላ ማስተማር ጀመረ፤ ንጉሠ ነገሥት ዶሚቲያን ፈላስፎችን ሲያባርር ወደ ግሪክ ተሰዶ ኒኮፖሊስ ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ። የራሱ ጽሑፍ የለንም። የምናነበው ተማሪው አርያን ያስቀረውን ነው።

የትምህርቱ መነሻ አጭር ነው። በእጃችን ያለ ነገር አለ፤ ፍርዳችን፣ ፍላጎታችን፣ ለማድረግ የምንነሳው ነገር። በእጃችን የሌለም አለ፤ ሰውነታችን፣ ንብረታችን፣ ዝናችን፣ ሹመታችን። ሰውነትን በእጃችን ከሌለው ወገን የመደበው አንካሳ ሰው መሆኑን ልብ በሉ። ንብረትንም እዚያው የመደበው ራሱ የሰው ንብረት ሆኖ የኖረ ሰው ነው። ደልቶት የሚመክር አልነበረም።

ይህ ወደ እናንተ ሲመጣ ምን ይመስላል? ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ልጅ ውሰዱ። ማመልከቻውን ተጠንቅቆ መጻፍ፣ ለፈተናው መዘጋጀት፣ በልምዱ ላይ አለመዋሸት የእሱ ፋንታ ነው። መቀጠሩ የእሱ አይደለም። «ካልተቀጠርኩ ሰው አይደለሁም» የሚለው ፍርድ ግን ተመልሶ የእሱ ነው። ብዙዎች ሁለቱን ሰምተው ሦስተኛውን ይዘሉታል። ኤፒክቴተስ ተማሪዎቹን የሚያደክማቸው እዚያ ላይ ነበር።

ሰውን የሚያውከው ነገሩ ራሱ አይደለም፣ ስለ ነገሩ ያለው ፍርድ ነው ይል ነበር። ይህች አባባል ከብዙ ዘመን በኋላ ሐኪም ቤት ገብታለች። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ አልበርት ኤሊስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የራሱን የሥነ ልቦና ሕክምና ሲያቋቁም በእሷ ተመርኩዟል። የአእምሮ ሐኪሙ አሮን ቤክም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ድብርት ሕክምና ባሳተመው መጽሐፍ የሕክምናው የፍልስፍና ሥር ከስቶይኮች እንደሚመዘዝ ጽፏል። አሠራሩ ይህን ይመስላል፤ ሰላም ያልኩት ጓደኛዬ ዝም ብሎኝ አለፈ። «ንቆኛል» አልኩ። ቀኔ ተበላሸ። ባለሙያው ታዲያ ይጠይቀኛል፤ መናቁን በምን አወቅህ? አላየህ ይሆን? ሐሳብ ይዞት ይሆን? ቢንቅህስ ምን ይከተላል? አይሰማህ አይለኝም፤ ስሜቱን የወለደውን ሐሳብ አውጣና አብረን እንየው ነው የሚለኝ። (ድብርት የጠናበት ሰው ካላችሁ ግን ወደ ሕክምና ውሰዱት፤ ጥቅስ ልካችሁ አትገላገሉ።)

ወደ ማርከስ ልመለስ። ከክርስቶስ ልደት በኋላ ከ161 እስከ 180 ሮምን ገዛ። ዘመኑ ወረርሽኝና ጦርነት የበዛበት ነበር፤ ብዙ ልጆቹንም ቀብሯል። በዘመቻ መካከል ለራሱ በግሪክኛ ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። አንዱ ክፍል ሲጀምር፣ ዛሬ ነገረኛ፣ ምስጋና ቢስ፣ ትዕቢተኛ፣ አታላይና ምቀኛ ይገጥመኛል ብሎ ጠዋት ለራሱ እንዲነግር ይመክራል። ቪዲዮው እዚህ ላይ ይቆረጣል! ማርከስ ግን ይቀጥላል፤ እነዚህ ሰዎች ዘመዶቼ ናቸው፣ ልጠላቸው አይገባኝም፣ የተፈጠርነው እንደ ሁለት እግር፣ እንደ ሁለት እጅ፣ እንደ ላይኛውና እንደ ታችኛው ጥርስ ተጋግዘን እንድንሠራ ነው ይላል። ጳውሎስ ከጠቀሰው ስንኝ ጋር የሐሳብ ዝምድና አለው።

ከእናንተ አንዱ በልቡ «ታዲያ ይህ ለተበዳይ ዝም ብለህ ቻል ማለት አይደለም?» እያለ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ኤፒክቴተስ ስለ ሄልቪዲየስ ፕሪስከስ የተናገረውን ስሙ። ንጉሠ ነገሥት ቬስፓዢያን ይህን የሮም ምክር ቤት አባል ወደ ጉባኤው እንዳትመጣ አለው። ሄልቪዲየስም ከአባልነት መሻር ትችላለህ፤ አባል እስከሆንኩ ድረስ ግን እመጣለሁ አለ። እንግዲያው መጥተህ ዝም በል አለው ንጉሠ ነገሥቱ። አትጠይቀኝ፣ ዝም እላለሁ አለ ሄልቪዲየስ። መጠየቅማ ግዴታዬ ነው። እኔም ትክክል የመሰለኝን መናገር ግዴታዬ ነው። ከተናገርክ እገድልሃለሁ። አልሞትም ብዬህ አውቃለሁ? አንተ ያንተን አድርግ፣ እኔም የእኔን። ሄልቪዲየስ ኋላ ተሰደደ፣ ተገደለም። በእጄ ያለው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ እሱን ወደ ጉባኤው ነው የወሰደው።

ይህን ስል እንከን የላቸውም ማለቴ አይደለም። ሴኔካ ባሪያም ሰው ነው ብሎ ያማረ ደብዳቤ ጽፏል፤ ባሪያዎቹን ግን ይዞ ኖረ። የኔሮ መምህርና አማካሪ ሆኖም እጅግ በልጽጓል። ኤፒክቴተስ እንኳ ስለ ውስጥ ነጻነት አብዝቶ ሲያስተምር ባርነት ይቅር ብሎ አልተነሳም። ለእኔ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ዛሬም አደጋው አለ። ደመወዝ ያልከፈለ አለቃ ሠራተኛውን ሰብስቦ «በእጃችሁ ያለውን ብቻ አስቡ» ቢል ፍልስፍና እያስተማረ አይደለም። ደመወዙ ያለው በእሱ እጅ ነው፤ መጀመሪያ እሱ ራሱ ይመርመር። ሠራተኛውም አቤት ማለት በእጁ ነው።

ማንበብ ለምትፈልጉ፣ አርያን ከኤፒክቴተስ ትምህርት ባጠናቀራት ትንሽ መጽሐፍ ጀምሩ፤ በአንድ ምሽት ታልቃለች። ማርከስን ከፈለጋችሁበት ገጽ መጀመር ትችላላችሁ። የሴኔካን ደብዳቤዎች ሀብቱን እያስታወሳችሁ አንብቡ፤ ጣዕማቸው አይቀንስም። እኔ ብዙ አወራሁ፤ አሁን እናንተ ጠይቁኝ፣ ተከራከሩኝም። አመሰግናለሁ።