እናቱ ታውቃለች ወይ?

ዛሬ ስለ ሦስት ኮሚኮች፣ በሥዕል ስለሚተረኩ መጻሕፍት፣ ላወራ ነበር የተቀመጥኩት፤ ግን አንዷ ጥያቄ አላስቀምጥ ብላኛለች።

ነገሩ የጀመረው አንድ ረቡዕ ነው። ረቡዕ በእኛ ቤት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ አዲስ ኮሚክ የሚወጣበት ቀን ነው፣ እማዬ ጾም ላይ ናት፣ ሽሮው ይንተከተካል። እኔ «አብሶሉት ባትማን»ን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቻለሁ። እማዬ ስለ ባትማን የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጅ ሳለሁ የነገርኳት፣ ከ1939 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲነገር የኖረው፤ እናትና አባቱን ወንበዴ መንገድ ላይ እንደገደለበት። ከዚያ ወዲህ ስሙን ጠርታው አታውቅም፤ «ያ የሙት ልጅ» ነው የምትለው።

ማማሰያውን እንደያዘች መጣችና ሥዕሉን አየች።

«ይህቺ ደግሞ ማን ናት?»

«እናቱ ናት።»

«ሞታ የለም እንዴ?»

አስረዳኋት። በደራሲው ስኮት ስናይደርና በሠዓሊው ኒክ ድራጎታ ታሪክ ብሩስ፣ ማለትም ባትማን፣ እንደ ወትሮው ሀብታም አይደለም፤ መሐንዲስ ነው፣ ማታ ማታ ጭምብል አጥልቆ ወንጀለኞችን ይፋለማል። የሞተው አባቱ ብቻ ነው፤ መምህር ነበር፣ ተማሪዎቹን ይዞ በሄደበት የእንስሳት ማቆያ ተገደለ። እናቱ ማርታ ግን አለች።

ዝም አለች። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ከዚያ፦

«ማታ ማታ የሚሠራውን ታውቃለች?»

እኔ እኮ ልነግራችሁ የጓጓሁት ስለ መጥረቢያው ነበር! ደረቱ ላይ ያለው የሌሊት ወፍ ምልክት ተነቅሎ መጥረቢያ ይሆናል፤ ድራጎታ ሰውየውን እንደ ግንብ አግዝፎ ነው የሳለው። ብዙ አንባቢ «ሀብት የሌለው ባትማን ባትማን አይደለም» ብሎ ይከራከራል። አልስማማም። ሀብቱን መውሰድ ቀላሉ ነው፤ ከባዱ እናቱን መመለስ ነው። የሞተች እናት አትጠይቅም። ማርታ ግን ልጇ ሰንበር ይዞ ሲገባ ልታየው ትችላለች።

«አብሶሉት ወንደር ውማን»ን ተመልከቱ። ደራሲዋ ኬሊ ቶምፕሰንና ሠዓሊው ሄይደን ሸርማን ዳያናን፣ ማለትም ወንደር ውማንን፣ ከወገኖቿ ከሴት ተዋጊዎቹ አማዞኖች ነጥለው ሲኦል ውስጥ ያሳድጓታል፤ አሳዳጊዋ ሰርሲ ናት፣ በግሪኮች ተረት ሰውን ወደ አሳማ የምትለውጠው ጠንቋይ። ከዚያች ጠንቋይ የወጣችው እናት ግን... እኔ ከባትማኑ አስበልጬ እወደዋለሁ። አስማቱን ያስተማረቻት ራሷ ናት፤ በመካከላቸው የሚደበቅ ነገር የለም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል የወደድኩት። አላውቅም።

በጆናታን ሂክማን «አልቲሜት ስፓይደር ማን»ም የሞቱት አክስቱ ሜይ ናቸው፤ በተለመደው ታሪክ የሚሞቱት አጎቱ ቤን በሕይወት አሉ። እንግዲህ በ2024 እ.ኤ.አ. በሁለቱም አሳታሚ ቤት፣ በባትማኑ ዲሲም በስፓይደር ማኑ ማርቭልም፣ ሙታን ተመልሰዋል፤ ይህን ሰፋ አድርጌ ላወራበት አስቤ ነበር፤ አሁን ግን ልቤ እዚያ የለም።

«አታውቅም» አልኳት። «እስካነበብኩት ድረስ አታውቅም።»

ወደ ምድጃው ተመለሰች። ማማሰያው ድስቱን ሲነካ ይሰማኛል። ገጹን መግለጥ አቃተኝ። ያንን የክረምቱን ጉዳይ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ እዚሁ ማይክሮፎን ፊት ተቀምጬ ነግሬያችኋለሁ። አንድ ክፍል አልፎ፣ ወጥ ቤት ቆማ ላለችው ግን...

ባትማን ሥራውን ከእናቱ የሚደብቀው እሷን ለመጠበቅ ነው ይባላል። እኔም እንደዚያ እል ነበር። አሁን እንጃ።

በሚቀጥለው ረቡዕ እንጀራውን ስታቀርብ፣ መጽሐፉ አጠገቧ እንኳ ሳይኖር፦

«ያ ልጅ ነገራት?»

«ገና ነው፣ እማዬ» አልኳት።

ሽሮውን ጨመረችልኝ።